ለሕዋ ሙያ የሚያዘጋጅ የመለካት ልማድ

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው የታይዩዋን ማስወንጨፊያ ማዕከል ካመጠቀች፣ አነስተኛዋን ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስን ደግሞ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ካስከተለች ወዲህ፣ የሕዋ ሥራ ለአገሪቱ ተማሪ ከመጽሐፍ የሚያነበው የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀርቶ ሊዘጋጅበት የሚገባ የሥራ መስክ ሆኗል። ይሁን እንጂ ወደዚህ መስክ የሚያማትር ተማሪ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በሮኬቱ ነበልባልና በጠፈርተኛው ልብስ ላይ በመሆኑ፣ ዝግጅቱ ከሥራው እውነተኛ ባሕርይ ጋር ሳይገናኝ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በሕዋ መስክ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው፣ እጅግ ጥቂቶቹ ካልሆኑ በቀር፣ የሥራ ዘመኑን የሚያሳልፈው በምድር ላይ ነው፤ የሚሠራውም አንድን ነገር መለካት፣ የለካውን ከነስሕተቱ መጠን መመዝገብ፣ ሌላው የመዘገበውንም እንደገና መፈተሽ ነው። ይህ ልማድ በዩኒቨርሲቲው የመጨረሻ ዓመት በአንድ ኮርስ የሚገኝ ሳይሆን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚገነባ ሲሆን፣ በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢና በምሥራቅ አዲስ አበባ ያደገ ተማሪ ደግሞ ለዚሁ የሚያገለግለው ነገር ከደጁ ብዙም አይርቅም።

ሳተላይቷን ራሷን ለልምምድ መውሰድ ይቻላል። ኢቲአርኤስኤስ-1 ሰባ ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን፣ በ628 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከዋልታ ወደ ዋልታ እንድትዞር የተነደፈች ናት፤ ምሕዋሯ ማለትም የምትዞርበት መንገድ ከፀሐይ ጋር የተናበበ ስለሆነ አንድን ቦታ የምታልፈው ሁልጊዜ በተቀራራቢ የቀን ሰዓት ነው። የኒውተንን የስበት ሕግ የተማረ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የምድርን ራዲየስ 6,378 ኪሎ ሜትር ከዚህ ከፍታ ጋር ደምሮ፣ ሳተላይቷ በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል እንደምትጓዝና ምድርን በ97 ደቂቃ ገደማ አንዴ እንደምትዞር በራሱ ስሌት ሊደርስበት ይችላል። ስሌቱን በጥቂቱ ቢያራዝመው ደግሞ ሳተላይቷ በቀጥታ በራሱ ላይ ብታልፍ እንኳ ከአድማስ እስከ አድማስ የምትታየው ለ13 ደቂቃ ገደማ ብቻ መሆኑን ያገኛል፤ በእንጦጦ የሚገኘው የመሬት መቀበያ ጣቢያ ባለሙያ እንዲህ ላለች ሳተላይት ትእዛዝ የሚልከውም ሆነ ምስል የሚቀበለው በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ የጣቢያው ሥራ ለምን በቅድመ ዝግጅትና በተጻፈ ቅደም ተከተል እንደሚመራ ከዚህ ቁጥር ይረዳል። ይህን ስሌት አንድ ጊዜ ራሱ የሠራ ተማሪ፣ ውጤቱን ከመጽሐፍ ከቀዳው ተማሪ በእጅጉ ቀድሟል።

የሳተላይቷ ካሜራ የተሠራው ምድርን በ13.7 ሜትር እንዲለይ ነው። ፒክስል የምስሉ ትንሿ ነጥብ ስትሆን፣ በዚህ ካሜራ አንዷ ፒክስል በመሬት ላይ 188 ካሬ ሜትር ያህል ትሸፍናለች፤ አንድ ጥማድ መሬት የሄክታር ሩብ ገደማ ነው ቢባል 13 ፒክስል ገደማ ብቻ ሆኖ ይታያል ማለት ነው፣ ከእነዚህም ውስጥ በድንበሩ ላይ የሚወድቁት የባለቤቱን ጤፍና የጎረቤቱን ስንዴ ቀላቅለው የያዙ ናቸው። በአማራ ክልልም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ያለው የገበሬ ማሳ ትንንሽና የተበጣጠሰ ስለሆነ፣ ከሳተላይት ምስል የሰብል ግምት የሚሠራ ሰው ከዚህ የድንበር ጣጣ አያመልጥም። በዚህ ላይ ሰብሉ የሚያድግበት ክረምት ሰማዩ በደመና የሚሸፈንበት ወቅት በመሆኑ፣ በብርሃን የሚያይ ካሜራ በጣም በሚፈለግበት ጊዜ ማየት ይሳነዋል፤ ስለዚህ በራዲዮ ሞገድ ደመናን አልፈው የሚያዩ እንደ አውሮፓ ኅብረቱ ሴንቲኔል-1 ያሉ የራዳር ሳተላይቶችን መረጃ ማንበብ ለኢትዮጵያዊ ባለሙያ ተጨማሪ ጌጥ ሳይሆን መሠረታዊ ችሎታ ነው። ከራዳር መረጃ ጋር የተዋወቀ ተማሪ ከእኩዮቹ ልቆ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ልምምድ የሚያስፈልገው ምስል በነፃ ይገኛል። የሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች በ10 ሜትር ፒክስል የሚያነሱት ምስል፣ እንዲሁም ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ ያለ ክፍያ የተለቀቀው የአሜሪካው ላንድሳት ምስል፣ ለማንም ክፍት ናቸው፤ ምስሎቹን የሚከፍተው ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሶፍትዌርም ዋጋ የለውም። የቦሌ ተማሪ የመጀመሪያ ሥራው ሊሆን የሚገባው ደግሞ በዓይኑ የሚያውቀውን፣ ትክክለኛ ልኬቱም በይፋ የተመዘገበውን ነገር መለካት ነው። የቦሌ አየር ማረፊያ ዋናው የመንደርደሪያ ሜዳ 3,800 ሜትር ርዝመትና 45 ሜትር ስፋት አለው፤ በ10 ሜትር ፒክስል ሲታይ 380 ፒክስል ያህል ይረዝማል፣ ወርዱ ግን አራት ወይም አምስት ፒክስል ብቻ ነው። ተማሪው በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ፒክስል ቢስት ሃያ ሜትር ይሳሳታል፤ ይህ ስሕተት በርዝመቱ ላይ ከመቶ ግማሽ ያህል ሲሆን በወርዱ ላይ ግን ከመቶ አርባ አራት ነው። መሣሪያው ያው፣ ምስሉ ያው፣ ሰውየውም ያው ሆኖ ሳለ አንዱ ልኬት የሚታመን፣ ሌላው የማይረባ ይሆናል። መልሱን ብቻ ጽፎ የስሕተቱን መጠን ያልጻፈ ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ ለአንባቢው አልነገረም፤ በሙያው ውስጥ ጀማሪው ከነባሩ የሚለይበት ቦታም በዋናነት ይህ ነው።

ሌላው ኢትዮጵያዊ ተማሪ ልዩ ጥንቃቄ ሊያደርግበት የሚገባ ጉዳይ ጊዜ ነው። በመላው ዓለም የሳተላይት መረጃ የሚመዘገበው ዩቲሲ በተባለው የጋራ ሰዓት ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ይፋዊ ሰዓት ከዚህ በሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ ሕዝቡ በቤቱና በገበያው የሚቆጥረው ሰዓት ደግሞ ከይፋዊው በስድስት ሰዓት ይለያል። ስለዚህ የአንድ ምስል ሰነድ 07:45 ቢል በአውሮፕላን ማረፊያው ሰሌዳ 10:45፣ በአካባቢው ነዋሪ አነጋገር ግን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ45 ማለት ነው፤ በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ሲጨመር የአንድ የመስክ ማስታወሻ ቀንና ሰዓት በስንት መንገድ ሊዛባ እንደሚችል ግልጽ ነው። በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ አካል የአንዲት ሰከንድ ስሕተት ቦታውን ከመድኃኔዓለም ተነሥቶ ከከተማው እምብርት የሚያደርስ ርቀት ያዛባዋል። ተማሪው ከመጀመሪያው ማስታወሻ ደብተሩ ጀምሮ እያንዳንዱን ልኬት በዩቲሲ ጽፎ አጠገቡ የአካባቢውን ሰዓት ቢያኖር፣ በኋላ ለማረም እጅግ የሚያስቸግረውን ስሕተት ከሥሩ ነቀለው ማለት ነው። መሥፈሪያን ሳይናገሩ ቁጥር መስጠት ምን ያህል እንደሚያስከፍል እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋችው የማርስ መንኮራኩር፣ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር፣ ምስክር ናት፤ አንዱ ቡድን በእንግሊዝ መሥፈሪያ ያወጣውን የግፊት ስሌት ሌላው በሜትሪክ መሥፈሪያ እንደተሰጠ አድርጎ በመውሰዱ ነው መንኮራኩሯ ማርስ ስትደርስ የጠፋችው።

የመመዝገብና የመፈተሽ ባህል በኢትዮጵያ ውስጥ ከማናቸውም ቦታ ይልቅ ሥር የሰደደው በአቪዬሽን ዘርፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቦሌ ሀንጋሮች ውስጥ አንድ ቴክኒሺያን ቡሎን ሲያጠብቅ የሚጠቀመው ቶርክ ሬንች የተባለው፣ የመጠምዘዣውን ኃይል የሚለካው ቁልፍ ራሱ የታረመበት ቀን ተጽፎበታል፤ ሥራው ሲያልቅ ይፈረማል፣ ወሳኝ የሆነውን ሥራ ሌላ ሰው ደግሞ ያየዋል፤ ያልተፈረመበት ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል፤ ከመሣሪያ ሳጥኑ አንዲት ካቻቪቴ ብትጎድል እስክትገኝ ድረስ አውሮፕላኑ አይነሣም። ሳተላይት የሚገጣጠምበት ንጹሕ ክፍል የሚመራው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ልዩነቱ አውሮፕላን ከበረራ ተመልሶ እንደገና ሊታይ ሲችል፣ ሳተላይት አንዴ ከተወነጨፈች ማንም ሰው የማይነካት መሆኗ ነው። በዚህ ምክንያት ሁሉም ነገር አስቀድሞ ይፈተናል፤ ሳተላይቷ የሮኬቱን መንቀጥቀጥ በሚያስመስል ጠረጴዛ ላይ ትናወጣለች፣ ከዚያም አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ እየተፈራረቀ ይሞቃታል፣ ይበርዳታል፤ ምክንያቱም በምሕዋሯ ላይ ሳለች በእያንዳንዱ ዙር እስከ 35 ደቂቃ ያህል በምድር ጥላ ውስጥ ልትቆይ ትችላለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለቦይንግ አውሮፕላኖች የሚሆኑ፣ ዋየር ሃርነስ የሚባሉ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅሎችን በአዲስ አበባ ማምረቱ ደግሞ፣ ሽቦን በልክ ቆርጦ፣ ለይቶ፣ አስሮና ፈትሾ የማስረከብ ሙያ በከተማው ውስጥ መኖሩን ያሳያል። በሳተላይት ውስጥም ያለው ሽቦ የሚታሰረው በዚሁ ዓይነት ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ ወደ አቪዬሽን ቴክኒክ ሥልጠና የገባ ወጣት ከሕዋ መንገድ እንደወጣ አድርጎ ራሱን ማየት የለበትም፤ ብዙዎች በቃል ብቻ የሚያውቁትን ሥርዓት በእጁ እየተማረ ነው።

ይህን የሚያጠናክር ታሪክ በኢትዮጵያውያን መካከል አለ። በቦንጋ የተወለደው ቅጣው እጅጉ በባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ቴክኒክ የተማረ፣ ከዚያም በአገር ውስጥ በመኪና ድርጅት የቴክኒክ አማካሪ ሆኖ የሠራ፣ በጃፓንና በአሜሪካ ትምህርቱን ቀጥሎ በኋላ በናሳና በሮክዌል ኩባንያ በመንኮራኩርና በሳተላይት ሥርዓት መሐንዲስነት ያገለገለ ሰው ነበር፤ ያረፈውም እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከሞተር ወደ መንኮራኩር የተሻገረው ሥርዓት መሐንዲስ ሆኖ ነው፤ ይህ ሙያ አንዱን ክፍል ከመሥራት ይልቅ ክፍሎቹ እርስ በርስ እንዲግባቡ፣ የአንዱ ሙቀት ሌላውን እንዳይጎዳ፣ የሁሉም ክብደትና ኃይል ከተፈቀደው እንዳያልፍ የሚቆጣጠር ነው። እንዲህ ያለው ችሎታ ጠቅላላ ማሽን ፈትቶ መልሶ ከገጠመ እጅ መውጣቱ አያስደንቅም።

የመሐንዲስነት ዝንባሌ ለሌለው፣ ነገር ግን ፊዚክስን ለሚወድ ተማሪ፣ ኢትዮጵያ በተፈጥሮ የተሰጣት ሌላ በር አላት። መግነጢሳዊው ወገብ፣ ማለትም የምድር መግነጢስ መስመሮች ከመሬት ጋር ትይዩ የሚሆኑበት መስመር፣ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በዚህ መስመር ላይ ከ100 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ቀን ቀን ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት የተባለ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይነጉዳል፤ ከዚያም በላይ የሚዘልቀው አዮኖስፌር የተባለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የከባቢ አየር ክፍልም ከጀንበር ግባት በኋላ እየታወከ የጂፒኤስ ምልክትን ያዛባል። የአዲስ አበባው ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ከእ.ኤ.አ. 1957 እስከ 1958፣ ጋር ተያይዞ ተመሥርቶ የምድርን መግነጢስ ሲለካ የኖረ በመሆኑ፣ አገሪቱ በዚህ ዘርፍ ያላት መዝገብ ከሳተላይቶቿ በስድሳ ዓመት ይበልጣል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋሸራ ላቦራቶሪም ይህንኑ ጥናት ይዞ ቀጥሏል። ሌሎች አገሮች መሣሪያ ጭነው የሚመጡበትን ክስተት ኢትዮጵያዊው ተማሪ ከጣሪያው በላይ አድርጎት ሳለ፣ መስኩ ከከዋክብት ጥናት ያነሰ ክብር የሚሰጠው መሆኑ ያሳዝናል።

የትምህርት ክፍል ምርጫን በተመለከተ፣ ስሙ ስፔስ የሚል ቃል ያለበትን ክፍል መፈለግ አስፈላጊ አይደለም። ኤሌክትሪካል፣ መካኒካልና ሶፍትዌር ምሕንድስና፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ ጂኦሎጂና የቅየሳ ትምህርት ሁሉም ወደ መስኩ ያስገባሉ፤ በቂሊንጦ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ የአዳማው አቻውና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ረገድ በቅርብ ያሉ ናቸው። ከሕዋ ጋር በስሙ የተያያዘው ትምህርት የሚመጣው በአብዛኛው በሁለተኛ ዲግሪ ላይ ነው። ከክፍሉ ስም ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ተማሪው የመስመራዊ አልጀብራና የፕሮባቢሊቲ መሠረቱን አጥብቆ መያዙ፣ እንዲሁም ፓይተንን የመሰለ አንድ የፕሮግራም ቋንቋ በየሳምንቱ የሚጠቀምበት መሆኑ ነው።

ወደ ውጭ የሚያስብ ተማሪ ደግሞ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ሐቅ አለ። የሮኬት ቴክኖሎጂ ከሚሳይል ጋር ስለሚቀራረብ በአሜሪካ ጥብቅ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ሕግ አለበት፤ በዚህም ምክንያት በዚያ አገር የሮኬት ኩባንያዎች አብዛኛውን የሥራ ቦታ የሚሰጡት ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ነው። የአውሮፓ ሕዋ ድርጅትም የሚቀጥረው በዋናነት የአባል አገሮቹን ዜጎች ነው። ይህን በምርቃቱ ማግስት የሚሰማ ወጣት ይደነግጣል፤ በሁለተኛ ዓመቱ የሰማ ግን መንገዱን ያስተካክላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከጃፓኑ የኪዩሹ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጋር የሚሰጠው የአነስተኛ ሳተላይት ነፃ የትምህርት ዕድል ለታዳጊ አገሮች ተማሪዎች የተከፈተ ነው፤ በዚሁ ተቋም ከሠለጠኑት መካከል የጋና ወጣቶች ኩብሳት ከሚባለው ዓይነት፣ በየአቅጣጫዋ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሳተላይት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2017 ለምሕዋር አብቅተዋል። የከዋክብት ጥናት፣ የምድር ምልከታና የአዮኖስፌር ምርምርም ከሮኬት ሥራ ይልቅ ለውጭ ዜጋ ክፍት ናቸው።

በአገር ውስጥ ያለው የመጀመሪያ ሥራ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትሑት ሊሆን ይችላል። የቀድሞው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከካርታ ሥራው ተቋም ጋር ተዋሕዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት መሆኑ፣ ሕዋና ካርታ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩ ሙያዎች መሆናቸውን ያስረዳል፤ በመሬት ይዞታ ምዝገባ፣ በሰብል ግምት፣ በመስኖና በከተማ ፕላን የተሰማሩ መሥሪያ ቤቶችም የሳተላይት ምስል የሚያነብ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ወደነዚህም ሆነ ወደ ነፃ የትምህርት ዕድል የሚያመለክት ተማሪ የመንደርደሪያ ሜዳውን ልኬት ከነስሕተት ስሌቱ፣ የጻፈውን ፕሮግራም፣ በዩቲሲ የተያዘውን የማስታወሻ ደብተሩን ገጾች በአንድ ላይ አዘጋጅቶ ቢይዝ፣ ደብተሩንም በየጊዜው ለፊዚክስ ወይም ለሒሳብ መምህሩ ሲያሳይ ቢቆይ፣ የድጋፍ ደብዳቤ በሚያስፈልገው ቀን መምህሩ ስለ ትጋቱ በጥቅሉ ከማሞገስ አልፈው ተማሪው ምን እንደለካ፣ በምን እንደለካና ስሕተቱን እንዴት እንዳገኘው ዘርዝረው ሊጽፉለት ይችላሉ።