በሪፈር ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ባል

ከዱርቤቴና ከአካባቢዋ ወደ አዲስ አበባ የምንጽፈው የመካንነት ሪፈር ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚስትን ስም ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ባል እርሻው ላይ ይቀራል። ስሕተቱ የእኛው የባለሙያዎቹ ነው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የአይ ቪ ኤፍ አገልግሎት በ2019 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህም ምክራችን «ሂዱ፣ ይሠራላችኋል» ከማለት እምብዛም አላለፈም። ሕክምናው ግን የሚጀመረው ሁለቱንም በመመርመር ነው፤ ቀላሉ ምርመራ ደግሞ የባል የዘር ፈሳሽ ነው። ሚስት ለ10 ቀን ገደማ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች፤ እንቁላሏ በሚወጣበት ዕለት በተለመደው አሠራር ባልም መገኘት አለበት። ሽሉ በ3ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ማኅፀን ውስጥ ይቀመጣል፤ የእርግዝናው ውጤት እስኪታወቅ ሁለት ሳምንት ያህል ይጠበቃል። ሙከራው ላይሳካም ይችላል። ይህን ሳትሰማ ሄዳ ባዶ እጇን የተመለሰችውን ሴት መንደሩ «መካን» የሚላት ባሏ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመረመር ነው።