ውዳሴ ለጅቡቲ ወደብ፤ ከሆሳዕና ደጋ

የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደጃፍ፣ ጅቡቲ ሆይ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን! ስሟ ራሱ የመቀበያ እልልታ ከሆነው ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከሾኔ፣ ከአንጋጫና ከሺንሺቾ ይህ ምስጋና ይድረስሽ። እኛ እንሰት ከጓሯችን የማይታጣ ደገኞች ነን፤ ማዕበልሽን በዐይናችን አላየንም፤ በረከትሽን ግን በመዳፋችን ዘግነን ከአፈራችን ጋር አዋሕደነዋል።

ወደ ባሕር ማማተር ለዚህች ምድር እንግዳ አይደለም። የሀዲያ ልጅ ንግሥት እሌኒ በ1509 እ.ኤ.አ. ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ስትልክ፣ የሀገር ዕጣ በባሕር ላይም እንደሚጻፍ ቀድማ ተረድታ ነበር። መልእክተኛዋ ሊዝቦን የደረሰው በ1514 ነው። ያን ሁሉ ዓመት የታገሠች አርቆ አሳቢ እናት ክብር ይገባታል!

ከሀገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፍብሽ ወደብ ሆይ፣ ምን ብለን እናወድስሽ? ቡናችንንና ሰሊጣችንን ለዓለም ታደርሻለሽ፤ ማዳበሪያውን ለገበሬው ትቀበያለሽ። መርከቧ መልሕቋን ስትጥል ክሬኑ ይንቀሳቀሳል፤ ዩሪያው በ50 ኪሎ ከረጢት ይሞላል፤ ተሳቢው ጋላፊን ተሻግሮ የአፋርን ሐሩር ይሰነጥቃል፤ ሚሌንና አዋሽን አልፎ፣ ደረቅ ወደብ ያላትን ሞጆን ተሰናብቶ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ከባሕር ጠለል የተነሣው ጭነት ከ2,000 ሜትር በላይ ወጥቶ በሌሞ፣ በሚሻና በዱና የማኅበር መጋዘኖች ይራገፋል። የአንድ ወደብ ታላቅነት በመርከቦቹ ቁመት ብቻ አይለካም፤ በረከቱ በደረሰበት የመጨረሻ ማሳ ይለካል። በዚህ ሚዛን አንቺ ታላቅ ነሽ!

ምስጋናው ግን ለድንጋይና ለብረት ብቻ አይደለም። ወበቁን ችለው ለሚሸከሙ ጫኝና አውራጆች ክብር ይሁን! ሌሊቱን ከመሪው ጋር ለሚያነጉ ሹፌሮች፣ ጎማ ሥር ተንበርክከው ለሚደክሙ ረዳቶች ክብር ይሁን! በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ለደረሰው ለጥንቱ ባቡር፣ በ2009 ዓ.ም. ለተመረቀው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚጓዘው ለኤሌክትሪክ ባቡርም ክብር ይሁን!

ውኃሽ ጸጥ ይበል፤ መንገድሽ ሰላም ይሁን፤ ጉርብትናችን ይጽና።

አንተም የስንዴ ማሳህ ያማረልህ ወገኔ፣ አንቺም የአዝመራውን እንጀራ የምትቆርሺ እናቴ፣ አቧራ የለበሰ ተሳቢ በከተማችን ሲያልፍ እጃችሁን አንሡለት። ባሕሩን እስከ ደጃችሁ ያመጣው ያ ሹፌር ነውና፣ «እንኳን በሰላም ገባህ!» በሉት።