ኒካሕ ያለ ምስክር፦ የልጅ ኢያሱ ጋብቻዎች በታሪክ ጽሑፎቻችን

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መሻራቸው በአዲስ አበባ ሲታወጅ፣ ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ የትዳራቸው ጉዳይ ነበር። ቁርኣን ይፈቅድልኛል በማለት አራት ሚስቶች አግብተዋል ተባሉ። ከእነዚህም መካከል የጅማው አባ ጅፋር ልጅና ከሐረር ታላላቅ የሙስሊም ቤቶች የተወለደች ሴት ተጠቀሱ። ከሳሾቹ ይህን ያቀረቡት የወጣት መስፍን የምግባር ጉድለት አድርገው አልነበረም። መስለማቸውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አድርገው ነበር። አቡነ ማቴዎስም መኳንንቱንና ሠራዊቱን ከመሐላቸው የፈቱት በዚሁ የሃይማኖት ክስ መሠረት ነው።

ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ክሱ ግን በሁለት ተቃራኒ ወገኖች ጽሑፍ ውስጥ እስከ ዛሬ ይኖራል። የመጀመሪያው በአሸናፊዎቹ ዘመን የጸናው ትረካ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የዚህ ትረካ ዋና ምንጭ ሲሆን፣ የልጅ ኢያሱን ውድቀት የሚገልጸው ወደ እስልምና አዘንብለዋል ከሚለው ነቀፋ ጋር አያይዞ ነው። ሁለተኛው በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ የሚነገረውና አልፎ አልፎም የሚጻፈው ነው። ልጅ ኢያሱ የእኛ ነበሩ፣ ልጆቻችንን አግብተዋል፣ በእስልምናቸው ምክንያት ዙፋናቸውን አጡ ይላል። አንዱ የሚያወግዘውን ሌላው ያወድሰዋል። ማስረጃቸው ግን አንድ ነው፤ እርሱም የከሳሾቹ ቃል። የዚህ ጽሑፍ ነቀፌታ በሁለቱም ላይ ነው፤ ይልቁንም ማስረጃን የመመዘን ረጅም ልማድ ባለው በራሳችን ወገን ላይ ይበረታል።

ክሱ የጠራው የቁርኣንን ሕግ ስለሆነ በዚያው ሕግ መመዘን ይኖርበታል። በፉቀሃእ ዘንድ ኒካሕ የወሬ ጉዳይ አይደለም። ሰጪና ተቀባይ፣ የውል ቃልና ምስክሮች ያሉት ዐቅድ ነው፤ መህርም ይከተለዋል። በአገራችን በስፋት በሚሠራበት በሻፊዒይ መዝሀብ ያለ ወሊይና ያለ ሁለት ፍትሐዊ ምስክሮች የሚደረግ ኒካሕ አይጸናም። ሐነፊዮች በወሊይ ጉዳይ ላይ ለአካለ መጠን ለደረሰች ሴት ሰፋ ያለ ቦታ ቢሰጡም ምስክርን አይተዉም። እንግዲህ ልጅ ኢያሱ እገሌን በኒካሕ አገቡ የሚል ጸሐፊ ቃዲ የሚጠይቀውን ሊመልስ ይገባዋል፦ ወሊይዋ ማን ነበር? ማንስ መሰከረ? መህሯ ምን ነበር? ክሱም ሆነ ክሱን ወደ ውዳሴ የለወጡት ጽሑፎች እነዚህን ጥያቄዎች አያነሡም።

ከዚህ የሚብስ ደግሞ አለ። ሙስሊም ሴት ሙስሊም ላልሆነ ወንድ እንደማትዳር ዑለማእ በአንድ ቃል የተስማሙበት ብይን ነው። ስለዚህ የጅማዋ ወይም የሐረርዋ ሴት ኒካሕ እንዲጸና የልጅ ኢያሱ እስልምና አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ጸሐፊዎቻችን ግን እስልምናቸውን የሚያረጋግጡት በጋብቻው ነው፤ ጋብቻው ሸሪዓዊ መሆኑን ደግሞ በእስልምናቸው። ይህ መነሻውንና መድረሻውን አንድ ያደረገ ክርክር ነው። ከእርሱ የሚገኘው ትልቁ ነገር፣ አንድ መስፍን ከሙስሊም ቤት ሴት ጋር ግንኙነት ነበረው የሚል ነው። ግንኙነቱ ኒካሕ ይሁን፣ በአገር ልማድ የተደረገ የዝምድና ስምምነት ይሁን ወይም ሌላ፣ ከዚህ ማውጣት አይቻልም። «እርግጠኛ ነገር በጥርጣሬ አይወገድም» የሚለው የፊቅህ መርሕም እዚህ ላይ ይሠራል። ልጅ ኢያሱ ክርስትና ተነሥተው ያደጉ መሆናቸው እርግጠኛ ነገር ነው፤ ይህን የሚያነሣ ማስረጃ ከሠርግ ወሬ የበለጠ ክብደት ሊኖረው ይገባል።

አንዳንዶች የውል ማስረጃ ሲታጣ፣ ጋብቻው በምስጢር ስለተፈጸመ ነው ይላሉ። መልሱ ብልህ ይመስላል፤ የማስረጃን መጥፋት ራሱን ማስረጃ ያደርጋልና። ሸሪዓ ግን ምስጢርን ለኒካሕ ጠላት አድርጎ ነው የሚያየው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኒካሕን ግልጽ እንድናደርግ አዘዋል። ማሊኪዮች ምስክሮቹ እንዲደብቁት የታዘዙበትን ጋብቻ እስከ ማፍረስ ይደርሳሉ። የአባ ጅፋርን የሚያህል ገዥ ልጁን ሲድር ደግሞ የጋብቻው ዋጋ መታወቁ ነው፤ ማንም የማያውቀው አማችነት ለአማቹም ለአማቱም ምን ይጠቅማል? የምስጢር ጋብቻ የሚለው መላምት የሸሪዓውንም የፖለቲካውንም አመክንዮ ይቃረናል።

የአራቱ ቁጥርም ቢሆን እንደ ማኅተም ሆኖ የተቀመጠ ይመስላል። የሙስሊም ምልክት ተብሎ የሚታወቀው ቁጥር ስለሆነ ከሳሹ እርሱን መረጠ። ሱረቱ አን-ኒሳእ አራትን ወሰን ያደረገው ፍትሕን ቅድመ ሁኔታ አድርጎ፣ ቀድሞ ገደብ ያልነበረውን ልማድ ለመገደብ ነው። ልጅ ኢያሱ በሕዝብ ፊት የተዳሩት ደግሞ ከክርስቲያን መኳንንት ቤት ነበር። በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽነታቸው ሲታወጅ የራስ መንገሻ ዮሐንስን ልጅ ሮማነወርቅን፣ ጥቂት ቆይቶም የጎጃሙን የራስ ኃይሉን ልጅ ሰብለ ወንጌልን አገቡ። ከሰብለ ወንጌል ጋር የነበረው ጋብቻ በክሱ ቁጥር ውስጥ የት ይገባል? ፈርሷል የሚል መፍረሱን ያስረዳ። አልፈረሰም የሚል ደግሞ ሚስቶቹ አምስት ሊሆኑ ነውና፣ ቁርኣንን ጠቅሶ የቁርኣንን ወሰን የጣሰ ሰው እንዴት የእስልምና ምሳሌ እንደሚሆን ያስረዳን።

እነዚህን ግንኙነቶች ወደ ዘመናቸው ስንመልሳቸው ሌላ መልክ ይይዛሉ። የልጅ ኢያሱ አባት በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳው ጉባኤ ጊዜ ክርስትና እንዲነሡ የተገደዱት የወሎው ኢማም መሐመድ ዐሊ፣ በኋላ ራስ፣ ቀጥሎም ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ምኒልክ ልጃቸውን ሸዋረጋን ለእርሳቸው የዳሩት ወሎን ከዙፋኑ ጋር ለማሰር ነበር። ልጅ ኢያሱም የተወለዱት ከዚህ ስሌት ነው። የሮማነወርቅ ጋብቻ የትግራይን ቤት፣ የሰብለ ወንጌል ጋብቻ የጎጃምን ቤት የሚያቀርብ ነበር። በ1903 ዓ.ም. ደግሞ ልጅ ኢያሱ የእኅታቸውን ልጅ ወይዘሮ መነንን ለደጃዝማች ተፈሪ ዳሩ። ይህ ዝምድና የተፈሪን ሃይማኖት ለማወቅ እንዲረዳ ያቀረበው ማንም የለም፤ ሁሉም የተረዳው የሥልጣን ውል መሆኑን ነው። ያው መስፍን እጁን ወደ ጅማና ወደ ሐረር ሲዘረጋ ግን ውሉ በድንገት ክህደት ተባለ። የተለወጠው የአማቶቹ ሃይማኖት ብቻ ነበር።

ልጅ ኢያሱ ለሙስሊሙ የነበራቸው ቅርበት ግን የታወቀ ነው የሚል ተከራካሪ ይኖራል። ይህ እውነት ነው፤ ይህ ጽሑፍም አይክደውም። በሐረርና በምሥራቁ ቆላ ረጅም ጊዜ ተቀምጠዋል። የሙስሊም መሪዎችን አቅርበዋል፤ ለዘመናት ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ርቆ የኖረውን ሕዝብ እንደ ባለ አገር ለመቁጠር ሞክረዋል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ኃያላንም ከዑስማንያ ወገን ይቆማሉ ብለው ሠግተዋል። ይህን ሁሉ በሹመቱ፣ በጉዞውና በደብዳቤው መመርመር ይቻላል። በኤሎይ ፊኬና በቮልበርት ስሚት አዘጋጅነት በ2014 እ.ኤ.አ. በልጅ ኢያሱ ሕይወትና ዘመን ላይ የታተመው የጥናት መድብልም የቀድሞውን የአሸናፊዎች ሥዕል በአዲስ ምንጮች የመመርመር መንገድ ከፍቷል። የሙስሊም ጸሐፊ ድርሻ ይህን መንገድ በዐረብኛና በዐጀሚ ሰነዶች፣ በቃዲ ቤት ጽሑፎችና በሸይኾች ቃል ማስፋት ነው። ለፖለቲካው ታሪክ የመኝታ ቤት መላምት አያስፈልገውም።

የጉዳዩ ክብደት ያለው ከማስረጃው ሥር ባለው ግምት ላይ ነው። አዋጁ ከሙስሊም ዜጋ ጋር መዛመድን በራሱ ወንጀል አድርጎ አቆመ። በዚያው ሰሞን በሐረር ሙስሊሞች ተገድለዋል፤ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ብዙ ሺህ ሰው አልቋል። አንዱ ወገን አግብተዋል፣ ሌላው አላገቡም እያለ በተከራከረ ቁጥር፣ ቢያገቡስ ምን ጥፋት ነበር የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ ያልፋል። ክሱን እንደ ክብር ኒሻን የሚያጠልቀው ወገናችንም ሳያውቀው ይህን ግምት ይቀበላል። ሙስሊሙ በአገሩ ታሪክ ውስጥ ቦታ የሚያገኘው ንጉሥ አማቹ ሲሆን ብቻ ይመስል፣ ክብሩን በአንድ ሰው ትዳር ላይ ያንጠለጥለዋል።

ሴቶቹም አሉ። በአብዛኞቹ ጽሑፎች ስም እንኳ የላቸውም፤ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ዘመድ ተብለው ያልፋሉ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኑር በጨዋ ሴቶች ላይ ቃል የሚወረውርን ሰው አራት ምስክር እንዲያቀርብ አዟል፤ በሱረቱ አል-ሑጁራት ደግሞ ከጥርጣሬ እንድንርቅና ወሬን እንድናጣራ አዟል። ፉቀሃእ ስለ ጋብቻ ጸንቶ መቆም የሚጠይቁት ለማወቅ ጉጉት ብለው አይደለም። ውርስ፣ ዒዳና የልጅ ነሰብ በእርሱ ላይ ስለሚቆሙ ነው። በዚያም ላይ ውሉ አጠራጣሪ ሲሆን የልጁን ነሰብ ወደ መጠበቅ ያደላሉ። የእኛ ጸሐፊ ግን የሴቲቱን ክብርና የዘሯን ስም ለክርክሩ ማድመቂያ ያውለዋል፤ ከክርክሩ ሲወጣም ምንም አልጎዳሁም ብሎ ያምናል።

ስለዚህ በልጅ ኢያሱ ላይ የሚጽፍ ሰው ሦስት ነገሮችን ለያይቶ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል፦ በዘመኑ ሰነድ የተረጋገጠውን፣ ከሳሾች ያሉትን፣ በኋላ ዘመን ሰው የተመኘውን። የሮማነወርቅና የሰብለ ወንጌል ጋብቻ ከመጀመሪያው ክፍል ነው። አራቱ ሚስቶች ከሁለተኛው ናቸው፤ «ክሱ እንዲህ ይላል» ተብለው ይጻፉ። የምስጢሩ ኒካሕ ከሦስተኛው ነው፤ ሰነድ ወይም የታመነ ምስክር እስኪመጣ ድረስ ከታሪክ መጽሐፍ ይውጣ። የሐዲስ ሊቃውንት ደካማ ሰንሰለት ያለውን ቃል የወደዱት ሰው ስለተመሰገነበት ብለው አልተቀበሉም። እኛም ለወደድነው መስፍን ስንል ሚዛኑን ማላላት አይገባንም።