በሁለት ቢላዋ መብላት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ጨዋታ ሁሉ ሕግ አለው። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠሩን አንድ በአንድ ያድላል እንጂ እንደ ወደደ አይበትንም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ያወጡት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው ጨዋታም እንዲሁ ነው። ተጫዋቾቹ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንዱ አስማተኛ፣ ሌላው ጦረኛ እየሆነ ታሪክ ይፈጥራሉ፤ አንዱ ዳኛ ይሆናል፤ አጠራጣሪውን ነገር ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር በመጣል ይቆርጡታል።

በዚህ ጨዋታ የአስማቱ ዓለም ሕግና ሳይንስ የሚጋጩበት አንድ የታወቀ ክርክር አለ። በ2014 በታተመው ሕግ የውጊያ አንድ ዙር 6 ሴኮንድ ያህል ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ሁሉም ተራውን ያገኛል። ይህን ያየ ብልጣ ብልጥ ተጫዋች 2,000 ገበሬዎችን በሜትር ተኩል ርቀት አሰልፎ አንድ ጦር ያቀባብላቸዋል። ጦሩ በ6 ሴኮንድ 3,000 ሜትር ስለሚሄድ ፍጥነቱ በሴኮንድ 500 ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም በአየር ውስጥ 340 ሜትር ያህል ከሚሄደው ከድምፅ ይበልጣል። «እንግዲህ በፊዚክስ ሕግ ዘንዶውን በስቶ ይወጣል» ይላል።

ነገሩን እንመርምረው። ጦሩን በገበሬዎቹ እጅ ያሳለፈው የጨዋታው ሕግ ነው፤ ፊዚክስማ ቢጠየቅ ኖሮ እንዲህ የፈጠነ ጦር የሚቀበል እጅ እንደሌለ በነገረው ነበር። ዘንዶው ዘንድ ሲደርስ ግን የጨዋታውን ሕግ ጥሎ ወደ ፊዚክስ ዞረ፤ በጨዋታው ሕግ የተወረወረ ጦር ጉዳት በባለ 6 ገጽ ጠጠርና በወርዋሪው ጉልበት የሚለካ ነውና። ይህ በሁለት ቢላዋ መብላት ነው።

የጨዋታው አዘጋጆችም በ2024 ባወጡት የዳኞች መጽሐፍ የጨዋታው ሕግ የፊዚክስ ሕግ እንዳልሆነ ገልጸው፣ ዳኛው ይህንኑ ክርክር እንዳይቀበል መክረዋል። መልካም አደረጉ። ነገር ግን ሳይንስ ከጠረጴዛው ፈጽሞ ይባረር ማለት አይደለም። በምናብ ዓለምም ድንጋይ ወደ ታች ይወድቃል፤ ዘይት የፈሰሰበት እንጨት ችቦ ሲነካው ይነዳል። ይህ ባይሆን ተጫዋቹ አስቦ አንዳች ነገር ሊያቅድ ባልቻለ ነበር።

እንግዲህ የሚያስፈልገው፣ የተመረጠው ሚዛን ሲጠቅምም ሲጎዳም ያው አንዱ መሆኑ ነው። ሚዛን የሚለዋውጥ ተጫዋች ዘንዶውን ይገድል ይሆናል፤ ነገር ግን አብረውት ተቀምጠው በሕጉ የደከሙትን የጓደኞቹን ድካም ከንቱ ያደርጋል። በጨዋታ ያልታመነ ሰው ደግሞ በቁም ነገር ማን ያምነዋል?