ነጩ አይጥና ሕፃኑ፦ የሥነ ልቦና መግቢያ መጻሕፍት ምን ይነግሩናል? ምንስ ያስቀሩብናል?

ልጅዎ ወይም ታናሽ እህትዎ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያውን የሥነ ልቦና መማሪያ መጽሐፍ ይዛ ወደ ቤት ስትመጣ ምን ይሏታል? በብዙዎቻችን ቤት ከሁለት ምላሾች አንዱ ይሰማል። የመጀመሪያው የፍርሃት ነው። «ፍሮይድ ማለት ሃይማኖት ምኞት የወለደው እምነት ነው ብሎ መጽሐፍ የጻፈ ሰው አይደለም እንዴ? ከእርሱ ምን ልትማሪ ነው?» ይባላል። ሁለተኛው የኩራት ነው። «ይህ ሁሉ እኮ በእኛ ዑለማዎች ከሺህ ዓመት በፊት ተጽፎ ያለቀ ነገር ነው!» ይባላል። ፍርሃቱም ኩራቱም መጽሐፉ ሳይገለጥ የተሰጡ ፍርዶች ናቸው። እስቲ ዛሬ እንግለጠውና አብረን እንየው።

መግቢያ መጻሕፍቱ ማንም ይጻፋቸው ማን አቀማመጣቸው ይመሳሰላል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የ«አባቶች» ሰልፍ ነው። ጀርመናዊው ቩንት በ1879 በላይፕሲግ ቤተ ሙከራ አቋቋመ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በ1890 በሁለት ጥራዝ ታላቅ መጽሐፉን አሳተመ። ከዚያ ፍሮይድ፣ ፓቭሎቭ፣ ዋትሰን፣ ስኪነር፣ ፒያዤ፣ ማስሎው እያለ ሰልፉ ይቀጥላል። ለእያንዳንዳቸው አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ ዓመትና አንድ ቃል ይደርሳቸዋል፤ ለፓቭሎቭ «ውሻ»፣ ለማስሎው «ፒራሚድ»። ፈተናውም «በሀ ሥር ያሉትን በለ ሥር ካሉት ጋር አዛምድ» የሚል ነው። ተማሪዋ ታዛምዳለች፣ ጥሩ ውጤትም ታመጣለች። ማስሎው ስለ ሰው ልጅ ፍላጎቶች በ1943 ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ ግን አንድም ፒራሚድ እንዳልተሳለና ሥዕሉ በኋላ በሌሎች እጅ እንደመጣ የሚነግራት የለም።

የስያሜው ነገር ራሱ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ሳይኮሎጂ የሚለው ቃል መነሻ የሆነው የግሪኩ «ሳይኪ» ነፍስ ማለት ነው። ይሁንና ዋትሰን በ1913 ባወጣው ጽሑፍ ይህ ትምህርት ሳይንስ እንዲሆን ከተፈለገ በዓይን የሚታይ ባህሪን ብቻ ያጥና፣ በውስጥ ያለውን ይተወው ሲል አወጀ። ስሙ በነፍስ ቀረ፤ ነፍስ ግን ከቤቱ ወጣች። ይህ ለሙስሊም ተማሪ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም በዚህ ላይ ብቻ ቆመን ብናወግዝ ከበዱን ከባድ ጥያቄዎች እናመልጣለን። ዋትሰን ይህን ካለ በኋላ ምን ሠራ? ያገኘውንስ እንዴት አገኘው? መጽሐፉ በደንብ ሊነግረን የሚገባው ይህን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1919 መጨረሻና በ1920 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዋትሰንና ረዳቱ ሮዛሊ ሬይነር አንድ ሕፃን ላይ ሙከራ አደረጉ። በጽሑፋቸው «አልበርት» ብለው ጠሩት። እናቱ በዚያው ሆስፒታል የምትሠራ ሴት ነበረች። ሕፃኑ ዘጠኝ ወር ገደማ ሲሆነው ነጭ አይጥ፣ ጥንቸል፣ ውሻና ጭምብል አሳዩት፤ አንዱንም አልፈራም። በስተኋላው የብረት ዘንግ በመዶሻ ሲመታ ግን ደነገጠ፣ አለቀሰም። አሥራ አንድ ወር ሲሆነው አይጧን እያሳዩ ብረቱን መቱበት። ይህን በሁለት ቀን፣ በመካከሉ አንድ ሳምንት አሳልፈው፣ በድምሩ ሰባት ጊዜ አደረጉ። ከዚያ በኋላ አይጧን ብቻዋን ሲያይ ማልቀስና መሸሽ ጀመረ። ጥንቸሉንም፣ ውሻውንም፣ የፀጉር ካፖርቱንም ሸሸ።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ፣ አንባቢዬ! አንድ ልጅ ብቻ ነው። ሰባት ምት ብቻ ነው። በመሐል የፍርሃቱ ምልክት ሲዳከምባቸው ብረቱን እንደገና መትተው አድሰውታል። ከአንድ ወር በኋላ ደግመው ሲያዩት ፍርሃቱ ነበረ፣ ኃይሉ ግን ቀንሶ ነበር። አንድ ሌላ ነገርም ራሳቸው ጽፈዋል፤ ሕፃኑ አውራ ጣቱን ከጠባ አይፈራም ነበር። ፍርሃቱ እንዲታይ ጣቱን ከአፉ ደጋግመው ማውጣት ነበረባቸው። እኔ ይህን ሙከራ ባሰብኩ ቁጥር ከብረቱ ይልቅ የሚታየኝ ያ ከአፍ የወጣ ጣት ነው። ሕፃኑ በፊጥራው ያገኘውን መጽናኛ ትልልቆቹ ሰዎች ለጥናታቸው ስለማይመች ነጠቁት። ስንት መግቢያ መጽሐፍ ይህን ይጽፋል?

በ1979 ቤን ሃሪስ የተባለ ተመራማሪ የመማሪያ መጻሕፍቱን ከዋናው ጽሑፍ ጋር አስተያየና ያገኘውን በአሜሪካ ሥነ ልቦና ባለሙያዎች መጽሔት ላይ አወጣ። ያገኘው አሳፋሪ ነበር። አንዱ መጽሐፍ ሕፃኑ ድመት ፈራ ይላል፤ ሌላው የፀጉር ጓንት ይጨምራል፤ ሌላው የአሻንጉሊት ድብ፤ ሌላው ደግሞ ፀጉር የለበሰች አክስት ያመጣል። ከሁሉ የሚብሰው፣ አንዳንዶቹ ዋትሰን በመጨረሻ የሕፃኑን ፍርሃት አስወግዶ እንዳሰናበተው ጽፈዋል። ይህ ፈጽሞ አልሆነም! እንዲያውም ዋትሰን ሕፃኑ ከሆስፒታሉ የሚወጣበትን ጊዜ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ልጁ ፍርሃቱን እንደተሸከመ ሄደ። የመጻሕፍቱ ደራሲዎች ዋናውን ጽሑፍ ሳያነቡ አንዱ ከአንዱ እየቀዳ ለታሪኩ ደስ የሚል መጨረሻ ሰፍተውለታል።

ይህ ደስ የሚል መጨረሻ ምናልባት የመጣው ከሌላ ልጅ ታሪክ ይሆናል። በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል ወጣት ተመራማሪ ጥንቸል የሚፈራ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ አገኘች። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉን ከሩቅ ታሳየዋለች፣ ቀን በቀን ጥቂት በጥቂት ታቀርበዋለች። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሉን በእጁ ዳሰሰ። ዛሬ ፍርሃት ያሰቃያቸውን ሰዎች ለማከም የሚሠራበት ዘዴ ከዚህ ጎዳና የወጣ ነው። ያስፈራው ሰው ስም በትልቁ፣ ፍርሃቱን ያወጣችው ሴት ስም በትንሹ ታትሞ እናገኛለን። በእኔ እይታ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ነበረበት።

ወደ ዋትሰን እንመለስና፣ በ1928 ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ለወላጆች መጽሐፍ ጻፈ። ልጆቻችሁን አትቀፉ፣ አትሳሙ፤ ግድ ከሆነ ማታ ሲተኙ አንዴ ግንባራቸውን ሳሙ፤ ጠዋት ጠዋት በእጅ ጨብጡአቸው የሚል ምክር ሰጠ። መጽሐፉ በብዛት ተነበበ። ታዲያ ይህን ያለው ምን አይቶ ነው? ስንት ቤተሰብ ዘንድ ሄዶ፣ ስንት ዓመት ተከታትሎ? ለእንዲህ ያለ ምክር የሚበቃ ጥናት አልነበረውም። ራሱም በሌላ መጽሐፉ ላይ ጤናማ ሕፃናት ቢሰጡኝ የፈለግሁትን ዓይነት ሰው አደርጋቸዋለሁ ካለ በኋላ ወዲያው ካለኝ ማስረጃ አልፌ መናገሬ ነው ሲል አምኗል። መማሪያ መጻሕፍቱ ፉከራውን ይጠቅሳሉ፤ ኑዛዜውን ብዙ ጊዜ ይቆርጡታል።

ለእኛ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የልጅ ልጃቸውን ሐሰንን ሲስሙ አል-አቅረዕ ኢብን ሐቢስ አይቶ አሥር ልጆች እንዳሉትና አንዱንም ስሞ እንደማያውቅ ሲናገር የተመለከቱት እንዴት እንደነበርና የመለሱለትም ስለ እዝነት እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ በመድረሳ ያልሰማው ልጅ ጥቂት ነው። እንግዲህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ እነዚህን ሁለት ምክሮች ጎን ለጎን አስቀምጣ ዋትሰን በምን ማስረጃ ነው ብላ ብትጠይቅ ከእምነቷም ከትምህርቷም የሚያጋጫት ነገር የለም። ጥያቄው ራሱ የሳይንሱ ጥያቄ ነው።

ሳይንሱም ጠይቆታል። ሃሪ ሃርሎው በ1958 ባሳተመው ጥናት የዝንጀሮ ግልገሎችን ከእናታቸው ለይቶ ሁለት ሰው ሠራሽ «እናቶች» አቀረበላቸው፤ አንዷ ከሽቦ፣ ሌላዋ በለስላሳ ጨርቅ የተሸፈነች። ወተቱ ከሽቦዋ በሚመጣበት ጊዜ እንኳ ግልገሎቹ አብዛኛውን ሰዓት የጨርቋ ላይ ተለጥፈው ዋሉ። (የግልገሎቹ ስቃይ ራሱን የቻለ ክስ ነው፤ ፍጡርን ማሰቃየት የሚያስጠይቅ መሆኑን ለሚያምን አንባቢ ይህን ማብዛት አያሻም።)

ከሁሉ ይልቅ እኔን የቆጨኝ ግን የሜሪ አይንስዎርዝ ነገር ነው። ይህች ተመራማሪ በልጅና በእናት መካከል ስላለው ቁርኝት በሠራችው ሥራ በሁሉም መግቢያ መጽሐፍ ውስጥ አለች። መጻሕፍቱ ታሪኳን ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከባልቲሞር፣ ከዚያው ዋትሰን ካስተማረበት ጆንስ ሆፕኪንስ ነው። የአንድ ዓመት ሕፃን ከእናቱ ጋር ወደ አንድ ክፍል ይገባል፣ እናት ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ የሕፃኑ ሁኔታ ይመዘገባል። ትምህርቱ ግን ከዚያ አልጀመረም። አይንስዎርዝ በ1954 እና 1955 በኡጋንዳ በካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ለወራት ተከታትላለች። ሕፃናቱ እናታቸውን መነሻና መመለሻ አድርገው ዓለምን ሲያስሱ ያየችው እዚያ፣ በእነዚያ እናቶች ሳሎን ተቀምጣ ነው። በ1967 መጽሐፍ አድርጋ አውጥታዋለች። በአዲስ አበባ ወይም በጅማ ያለ ተማሪ ይህን ቢያውቅ ትምህርቱ የባዕድ ብቻ እንዳልሆነ፣ የምሥራቅ አፍሪካ እናቶች በመሠረቱ ላይ እንዳሉበት ይረዳ ነበር። አንድ አንቀጽ ይበቃ ነበር!

እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለው ጥናት ጥቂት ነው። በ2008 ጄፍሪ አርኔት የተባለ ተመራማሪ በዋና ዋና የአሜሪካ ሥነ ልቦና መጽሔቶች ላይ የተጠኑት ሰዎች ከየት እንደመጡ ቆጠረ። ከመቶው 96 የሚሆኑት የዓለም ሕዝብ 12 ከመቶ ብቻ ከሚኖርባቸው ከምዕራባውያን የበለጸጉ አገሮች ነበሩ። በ2015 ደግሞ ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው የታወቁ መጽሔቶች ያወጧቸውን 100 ጥናቶች ደገሙ። ግልጽ ውጤት የሰጡት 36 ከመቶ ያህሉ ነበሩ። እነዚህን ቁጥሮች «አየህ! ሁሉም ውሸት ነው!» ለማለት ከምንቸኩል ያወጧቸው እነማን እንደሆኑ እናስተውል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ራሳቸው ናቸው። ራሱን በአደባባይ የሚመረምር ትምህርት ለራሱ ጉድለት ዓይኑን ከሚጨፍን ይሻላል።

ይህም ወደ ኩራታችን ያመጣናል። ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ማሊክ በድሪ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ ሙስሊም ባለሙያዎች የምዕራቡን ንድፈ ሐሳብ ሳያላምጡ እንደሚውጡ ወቅሰዋል። ወቀሳው ትክክል ነበር። እርሳቸው ግን ሁሉንም አልጣሉም፤ ከሜሪ ጆንስ ጎዳና የመጣውን የባህሪ ሕክምና ተምረው ሠርተውበታል። በ2013 ደግሞ በ934 ያረፉትን የአቡ ዘይድ አል-በልኺን መጽሐፍ ስለ ነፍስ የሚናገረውን ክፍል ወደ እንግሊዝኛ መልሰው አሳተሙ። ድንቅ መጽሐፍ ነው። አል-በልኺ ስለ ቁጣ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ ወስዋስ ለየብቻ ይጽፋሉ። ምክንያቱ የታወቀን ሐዘን ምክንያቱ ካልታወቀ ሐዘን ይለያሉ፤ የሁለተኛውን መነሻ በአካል ውስጥ ይፈልጋሉ። አካልና ነፍስ አንዱ ለሌላው መታመም ምክንያት እንደሚሆን ገና ከመጀመሪያው ይናገራሉ።

በትርጉሙ ሽፋን ላይ ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሕክምና ስም ተለጥፎባቸዋል። ለእኔ ይህ አል-በልኺን አያከብርም። ቀድመው ማለታቸው ብቻ ዋጋቸው ከሆነ የሚያነባቸው ሰው የሚፈልገው ዛሬ የሚባለውን ብቻ ይሆናል፣ ሌላውን ያልፈዋል። ለዋትሰን ያቀረብነውን ጥያቄ ለእርሳቸውም ማቅረብ ይገባናል። ምክንያት የሌለው ሐዘን ከአካል ነው ሲሉ በዘመናቸው ሕክምና መሠረት ከደም ንጽሕናና ሙቀት ጋር አያይዘውታል፤ ይህ ዛሬ አይጸናም። ሐዘኖቹን መለየታቸው ግን ጸንቷል። የትኛው እንደጸናና የትኛው እንዳልጸነ ለመለየት መጽሐፋቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ ግድ ነው። ተማሪዋም ይህን ከያዘች የመግቢያ መጽሐፏን ምዕራፍ አንድ እንደገና ትግለጥና በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ሥር በእርሳስ ትጻፍ፦ ማንን አየ? ስንት ነበሩ? የት?