ግንባሯ ንቅንቅ የማይል ዋናተኛ

ቃሊቲ ቶርኖ ቤት ዘንግ ታስሮ መዞር ሲጀምር፣ ጎበዝ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያየው ይወዛወዛል ወይስ አይወዛወዝም የሚለውን ነው። መሃሉ በደንብ ከተያዘ ሌላው ይከተላል። የዚምባብዌዋ ከርስቲ ኮቨንትሪም በጀርባዋ ስትዋኝ እንዲሁ ነበረች። ትከሻዋ ግራና ቀኝ ይገለባበጣል፤ ግንባሯ ንቅንቅ አይልም። እጇ ከውሃ ሲወጣ አውራ ጣቷ ይቀድማል፣ ከራሷ በላይ ዞሮ ሲገባ ደግሞ ትንሿ ጣት። መዳፏ ውሃውን በጥፊ አይመታውም፤ ሰንጥቆት ይገባል። ከዚያ ክንዷ ክርኑ ላይ ታጥፎ ውሃውን ወደ እግሯ ይገፋዋል። ጉልበቱ ያለው እዚያ፣ ከላይ የሚቀርጸው ካሜራ በማያሳየው ቦታ ነው።

በጀርባ የሚዋኝ ሰው የሚሄድበትን አያይም። ከግድግዳው 5 ሜትር ላይ የተንጠለጠሉት ባንዲራዎች በላይዋ ሲያልፉ ቀዘፋዋን ትቆጥራለች፣ በደረቷ ትገለበጣለች፣ ተጠቅልላ ግድግዳውን በእግሯ ትገፋለች። ቀጥሎ ሁለት እግሯን ገጥማ ወደ ላይና ወደ ታች እየመታች ከውሃ በታች ትሄዳለች፤ ከ15 ሜትር ማለፍ ግን ከውድድር ያሰርዛል። በለንደን 2012 ኢትዮጵያውያኑ ያኔት ስዩምና ሙሉዓለም ግርማ የተወዳደሩበት 50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ይህ የመገልበጥ ጣጣ የለበትም፤ መዞሪያ የለውማ።

ሐራሬ የተወለደችው ኮቨንትሪ በአቴንስ 2004 በ200 ሜትር የጀርባ ዋና ወርቅ ወስዳለች። ለእኔ ግን ምርጡ ሥራዋ ሜዳሊያ የማይሰጥበት ነው፦ ቤጂንግ 2008፣ የ100 ሜትር ግማሽ ፍጻሜ፣ 58.77 ሰከንድ፣ የዓለም ክብረ ወሰን። በማግስቱ በፍጻሜው 59.19 ገብታ በአሜሪካዊቷ ናታሊ ኮግሊን ተቀደመች። የኮግሊን ሰዓት 58.96 ነው፤ ወርቁን የወሰደችው የኮቨንትሪን የትናንት ሰዓት አልደረሰችበትም! ከቀናት በኋላ ኮቨንትሪ በ200 ሜትር 2:05.24 ገብታ ወርቁንም ክብረ ወሰኑንም ጠቀለለች። በዓመቱ ሮም ላይ ወደ 2:04.81 ዝቅ አድርጋዋለች፤ ያን ጊዜ ግን ፍጥነት የሚጨምረው የመዋኛ ልብስም የራሱ ድርሻ ነበረው፤ ኋላ ታግዷል።

በሪዮ 2016 በ200 ሜትር ስድስተኛ ወጥታ ገንዳውን ተሰናበተች። በ2025 የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆና ስትመረጥ የመጀመሪያዋ ሴትና የመጀመሪያዋ አፍሪካዊ ነበረች፤ ብዙ ሰው የሚያውቃትም በዚሁ ሹመት ነው። የቤጂንጉን ግማሽ ፍጻሜ ያላየ ድምፁን ዘግቶ ይመልከተው፤ ተንታኝ የሚጮኸው ለሰዓቱ ብቻ ነው።