ከአርነት በኋላ ያለ ሕይወት፦ በሐበሾች ትሩፋት መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ሐበሾች ትሩፋት በዐረብኛ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል ሁለቱ ቀዳሚ ስፍራ ይዘዋል። አንደኛው በ597 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት የባግዳዱ ሊቅ ኢብኑል ጀውዚ ያዘጋጁት «ተንዊሩል ገበሽ» ነው። ሁለተኛው በ911 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ በዚያው መሠረት ላይ የገነቡት «ረፍዑ ሸእኒል ሑብሻን» ነው። ኢብኑል ጀውዚ ለመጻፍ የተነሡበትን ምክንያት በመግቢያቸው ገልጸዋል። በቆዳቸው ጥቁረት ልባቸው የተሰበረ ደጋግ ሰዎችን አይተው፣ ክብር በሥራ እንጂ በመልክ አለመሆኑን ሊያስረዷቸው አስበው ነው። ዓላማው የሚመሰገን ነው፤ ከስምንት መቶ ዓመታት በላይ አልፎም ጥቅሙ አልቀረም።

ይሁን እንጂ የትሩፋት መጽሐፍ የራሱ ጠባይ አለው። የሚመርጠው የታወቁትን ነው፤ ከታወቁትም ሕይወት የሚመርጠው የሚያስመሰግነውን ነው። ቢላል ኢብኑ ረባሕ (ረ.ዐ) በድንጋይ ሥር «አሐድ» ሲሉ፣ አቡበክር (ረ.ዐ) ገዝተው ነጻ ሲያወጧቸው፣ ከዚያም አዛን ሲያሰሙ እናያለን። ነጻ የወጣ ሰው ከማን ጋር እንደሚዛመድ፣ ለቀድሞ አሳዳሪው ወይም ለነጻ አውጪው ምን ዕዳ እንደሚቀርበት፣ ልጁ ማንን እንደሚያገባ ግን በምስጋናው ውስጥ ይደበቃል። የኹጥባችንም ልማድ ከዚህ የተቀዳ ነው። ታሪኩን አርነት ላይ እናቆመዋለን፤ ለባለታሪኩ ግን ሕይወት ገና መጀመሩ ነበር።

ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የምትገኘው ይፋግ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሀገሪቱ ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከጎጃሙ ባሶ ተነሥቶ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ ወይም ወደ መተማ የሚያመራው የሲራራ ነጋዴ ያልፍባት ነበር። አሞሌ ጨው፣ ቡናና ከብት በሚሸጡበት በዚያ መስመር ሰውም ይሸጥ ነበር። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። የአውሮጳ መንገደኞች ስለዚህ ንግድ ሲጽፉ ዕቃውን፣ ዋጋውንና ቀረጡን መዝግበዋል፤ በዚያ ያለፉት ሰዎች በመዝገባቸው ውስጥ ከሸቀጥ ጋር ተቆጥረዋል። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ በእጃችን አለ። አንዱ ጥቂቶችን ያሞግሳል፤ ሌላው ብዙዎችን ይቆጥራል። ሁለቱም ነጻ የወጣውን ሰው ኑሮ አይነግሩንም።

የሮማ ኅብረተሰብ በዚህ ረገድ ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል። በሮማ ዜጋ በሕግ ሥርዐት ነጻ የወጣ ባሪያ ዜግነት ያገኝ ነበር፤ ሆኖም ለከፍተኛ የመንግሥት ሹመት አይበቃም። ለቀድሞ ጌታው አክብሮት ግዴታው ነው፤ ቃል ከገባም የሥራ ቀናት ይከፍላል፤ ሲሞት ጌታው በውርሱ ላይ መብት ሊኖረው ይችላል። ቄሳር አውግስጦስ በ2 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስና በ4 ዓ.ም. በአውሮጳ አቆጣጠር ባወጣቸው ሕጎች ነጻ ማውጣትን ገድቧል። ከአርነት በኋላ የተወለደ ልጅ በሕግ ነጻ ነው፤ በሰው አፍ ግን አይደለም። ባለቅኔው ሆራቲየስ በትምህርቱም በወዳጆቹም የታወቀ ሳለ ነጻ የወጣ ባሪያ ልጅ እየተባለ መነቀፉን ራሱ ጽፏል። ሮማውያን ነጻ የወጡ ሰዎች ግን አንድ ነገር ትተውልናል፤ ስማቸውን፣ ሙያቸውን፣ የትዳር ጓደኛቸውን በመቃብር ድንጋይ ላይ ራሳቸው አስጽፈዋል። ለይፋግ ሰዎች እንዲህ ያለ ድንጋይ የለንም።

በፊቅህም «ወላእ» የሚባል ትስስር አለ። ነጻ ያወጣ ሰው የነጻ ወጪው መውላ ይሆናል፤ የሥጋ ወራሽ ከጠፋም ይወርሰዋል። ይህን ከሮማው ሕግ ጋር አንድ ነው ማለትም፣ ፈጽሞ አይገናኝም ማለትም ትክክል አይሆንም። ሁለቱም ነጻ የወጣውን ሰው ከነጻ አውጪው ጋር ያስራሉ። ልዩነቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወላእን መሸጥና ስጦታ ማድረግን መከልከላቸው ነው። ዝምድና እንደማይሸጥ ሁሉ እርሱም አይሸጥም።

በዚህ ላይ የሶሓባ ታሪኮች ከትሩፋት መጻሕፍቱ አቀራረብ የበለጠ ይናገራሉ። ቢላል ከነቢዩ ኅልፈት በኋላ አቡበክርን የተናገሩት በቡኻሪ ተመዝግቧል፤ የገዛኸኝ ለራስህ ከሆነ አስቀረኝ፣ ለአላህ ብለህ ከሆነ ግን ለአላህ ሥራ ተወኝ የሚል ትርጉም አለው። ይህ ምስጋናን የዘነጋ ሰው ንግግር አይደለም፤ ውለታ ሌላ ሰንሰለት እንዳይሆን ድንበር ያበጀ ሰው ንግግር ነው። በሪራም (ረ.ዐ) ነጻ ከወጣች በኋላ ከባሏ ከሙጊስ ለመለየት መረጠች። ነቢዩ ስለ እርሱ ሲያማልዱ፣ ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቀች፤ ምልጃ ብቻ መሆኑን ስታውቅም አልተመለሰችም። ማንም አልነቀፋትም። የአቡ ሑዘይፋ መውላ ሳሊም ነቢዩ መዲና ከመግባታቸው በፊት በቁባእ ሙሃጂሮችን በሶላት ይመሩ ነበር፤ አቡ ሑዘይፋም የወንድማቸውን ልጅ ድረውላቸዋል። የሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን ልጅ ኡሳማ የነጻ ወጪ ወላጆች ልጅ ሳሉ፣ ነቢዩ የቁረይሿን ፋጢማ ቢንት ቀይስን እርሳቸውን እንድታገባ መክረዋታል።

ጥያቄው በይበልጥ የሚከብደው በ«ከፋአ» ማለትም በጋብቻ አቻነት ምዕራፍ ላይ ነው። በሻፊዒ ደረሳዎች የሚቀራው የኢማም ነወዊ «ሚንሃጅ» ነጻ የወጣ ሰው ከጥንት ነጻ ለሆነች ሴት አቻ አይደለም ይላል። የሐነፊ ሊቃውንትም ነጻነትንና ዘርን ይመለከታሉ። በኢማም ማሊክ ዘንድ ግን ዋናው መለኪያ ዲን ነው። ደረሳው ይህን ልዩነት ካልሰማ፣ አንዱን ብያኔ የእስልምና ብቸኛ ቃል አድርጎ ወደ ቀዬው ይዞት ይሄዳል። በሻፊዒ መዝሀብም ቢሆን ከፋአ የሴቲቱና የወሊይዋ መብት ነው፤ ሁለቱ ከወደዱ ኒካሑ ይጸናል። መብት የነበረው ነገር በልማድ ወደ ክልከላ ሲለወጥ መምህሩ ዝም ሊል አይገባም።

በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው ዐዋጅ አርነትን ቀስ በቀስ የሚሰጥ ነበር፤ ባርነትን በሕግ የሻረው ዐዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ዐዋጁ ባለቤትነትን ሻረ እንጂ ስድቡን አልሻረም። ዛሬም ሽማግሌ ሲላክ የአያት የቅድመ አያት ዘር ተቆጥሮ ጋብቻ የሚፈርስበት ጊዜ አለ። በሚንበር ላይ በቢላል ሐበሻነት የሚኮራ ጀማዓ ከሚንበሩ ሥር የቢላልን ዕጣ የሚመስል ያለፈበት ቤተሰብ ልጅ ላለማግባት ከተስማማ፣ ኩራቱ ምን ይጠቅማል?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያልተጻፈውን የይፋግ መስመር ታሪክ ከአረጋውያን አፍ መሰብሰብ ተገቢ ቢሆንም፣ የቤተሰብ ስም እየጠሩ ማውጣት ያንኑ ነውር እንደገና መለጠፍ ሊሆን ይችላል። ሥራው የሚጀምረው ከጠያቂው አይደለም፤ ሊናገር ከፈቀደው ባለቤት ነው። መምህሩ ግን ሳይጠብቅ ሊያደርገው የሚችለው አለ። የከፋአን ምዕራፍ ሲያስቀራ የሳሊምንና የፋጢማ ቢንት ቀይስን ሐዲስ አብሮ ያንብብ። ኢማሙም የቢላልን ታሪክ በአዛኑ አይዝጋው፤ ወደ ሻም ለመሄድ ፈቃድ እስከ ጠየቁበት ቀን ይቀጥለው። ኢብኑል ጀውዚ ልባቸው ለተሰበረ ሰዎች ጽፈዋል። የእኛ ድርሻ ልብ የሚሰብረውን ልማድ መጠየቅ ነው።